ያበጠ እጅ ይረፍ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው እሁድ እድር ላይ አንድ ወረቀት ታደለ። ፊትና ጀርባ ኮፒ የተደረገ። ለእጅና ለእግር እብጠት ቁርጥ ያለ መፍትሔ ተገኝቷል ይላል ርእሱ። ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም። ከየት እንደመጣም የሚያውቅ የለም። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ «ያንቺን ነገር ጽፈውልሻል እኮ» ብላ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ክፋት የላትም። እጄን ስለምታውቅ ነው።

ግራ እጄ ካበጠ አምስት ዓመት አለፈው። የጡት ካንሰር ታምሜ ቀዶ ጥገና ሲደረግልኝ ከብብቴ ሥር ያሉት የሊምፍ እጢዎች አብረው ወጡ። ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው ማለት ነው። ከዚያ ጨረር ወሰድኩ። ዓመት ሳይሞላ የጋብቻ ቀለበቴ አልወጣ አለ። ሳሙና ቀባሁት፣ ክር ጠመጠምኩበት፣ እምቢ። በመጨረሻ ወርቅ ቤት ሄጄ አስቆረጥኩት። ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ከአምስት ሴቶች አንዷ ገደማ እጇ እንደሚያብጥ የሰማሁት ከዚያ ብዙ ቆይቼ ነው። አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የብሎካችን ጥበቃ ደግሞ ሁለቱም እግራቸው ያበጠ ነው። አባባ ነው የምንላቸው። የጎጃም ሰው ናቸው፤ በሽታቸውም ዝሆኔ ነው። እንግዲህ ወረቀቱ እኔንም እሳቸውንም ይመለከታል። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው አንዳንዱ ነገር ልክ ሆኖ አገኘሁት። ሦስተኛ ላይ እስክሪብቶ አነሳሁ።

ጸሐፊው የሚጀምሩት «እብጠት ማለት ውሃ ነው፤ የሚያሸና ኪኒን ሲወሰድ ይወጣል» ብለው ነው። የእኔ ዓይነቱ እብጠት ውሃ ብቻ አይደለም። ከደም ሥር ወደ ሥጋችን ሁልጊዜ ፈሳሽ ይሰርጋል። ያንን ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱት የሊምፍ ቱቦዎች ናቸው፤ በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ገደማ። ቱቦው ከተቆረጠ፣ ከተዘጋ ወይም ሲፈጠርም ደካማ ከሆነ ፈሳሹ እዚያው ይቀራል። ከፈሳሹ ጋር ፕሮቲን አለ። ኪኒኑ ውሃውን በሽንት ያስወጣል፤ ፕሮቲኑን ግን አይነካውም። ፕሮቲኑ ደግሞ ውሃውን መልሶ ይስባል። የብሎካችን የፍሳሽ ቱቦ ሲዘጋ ጣሪያ ላይ ያለውን ታንከር ባዶ ብናደርገው ምን ይጠቅመናል? የተዘጋው ሌላ ቦታ ነው። ዝም ሲባል ደግሞ ቆዳው እየደደረ ይሄዳል፤ መጀመሪያ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይጎደጉድ የነበረው በኋላ አልጎደጉድም ይላል።

እዚህ ላይ ግን ልጠንቀቅ። የሚያሸና ኪኒን ለልብ ወይም ለኩላሊት ሕመም በሐኪም የታዘዘለት ሰው ይህን አንብቦ እንዳያቆም። የዚያ ሰው እብጠት ሌላ ነው። ጸሐፊውን የምወቅሳቸው እብጠትን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልለው ስለጻፉ ነው። አንድ እግር በድንገት አብጦ ባቱን ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ያ ቤት ተቀምጦ የሚታይ ጉዳይ አይደለም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው። ሁለት እግር አብጦ ፊትም ከተነፋ፣ ወይም ሲተኙ ትንፋሽ ካጠረ፣ ልብና ኩላሊት ይታይ። የሊምፉን ለመለየት ቀላል ነገር አለ። ከእግር አውራ ጣት ቀጥሎ ባለችው ጣት ሥር ያለውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ ለማንሳት ሞክሩ። ቆዳው እንደ ወፍራም ሌጦ ተጣብቆ አልነሳ ካለ የሊምፍ እብጠት መሆኑን ያመለክታል። ስለተነሳ ግን የለም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ «የተበላሸ ደም ስለሆነ በዋግምት ወይም በምላጭ ይውጣ» የሚለው ነው። ይህን አባባን አሳይቼ ብመልስ ይሻላል። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጥቃቅን መስመሮች አሉ፤ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ። በወጣትነታቸው በምላጭ የተበጡበት ነው። «ደሙ ጥቁር ነው አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ብርድ ብርድ አለኝ፣ አንቀጠቀጠኝ፣ እግሬ እንደ ፍም ሆነ» ይላሉ። ሊምፉ በማይፈስበት እግር ወይም እጅ ላይ ቆዳ ከተቀደደ ጀርም ይገባል። ጀርምን መዋጋት ደግሞ የዚያው የሊምፍ ሥራ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ጭረት የምታህል ነገር ሰውን በትኩሳት ትጥላለች። ከእያንዳንዱ እንዲህ ካለ ሕመም በኋላ የቀሩት ቱቦዎች ይጎዳሉ፣ እብጠቱም ደረጃ ይጨምራል። ምላጩ ያወጣው ነገር የለም፤ ያስገባው እንጂ።

እኔም ምጣድ ስር እሳት ስነካካ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ጓንት አደርጋለሁ። መጀመሪያ ሰው ይስቅብኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጸሐፊው «ያበጠ እግር ውሃ አይንካው፤ ምች ይመታዋል» ይላሉ። ከወረቀቱ ሁሉ ይህቺ ነች እንቅልፍ የነሳችኝ። ምክንያቱም ሰው ይሰማታል። ያ ምች የሚባለው ድንገተኛ ትኩሳት፣ መቅላት፣ የብሽሽት ሕመም፣ ብዙውን ጊዜ የቆዳ ኢንፌክሽን ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ባለመታጠብ ነው። በጣቶች መካከል ቆዳው ይረጥባል፣ ይሰነጠቃል፣ ፈንገስ ይይዘዋል፣ ጀርም በዚያ ይገባል። ሲመጣ ፍቱን መድኃኒቱ በጊዜ የተጀመረ አንቲባዮቲክ ነው። ቶሎ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ ማረፍ፣ ፋሻ የሚጠመጥም ከሆነም ሕመሙ እስኪበርድ መተው። እንዳይመጣ ደግሞ ውሃና ሳሙና።

ይህ የእኔ ግምት አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም 696 የዝሆኔ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ተሠርቷል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ግማሾቹ ወዲያው እግር ማጠብ፣ ቆዳ መንከባከብ፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ተጀመረላቸው። ሌሎቹ ዓመት ጠበቁ። ወዲያው በጀመሩት ላይ ያ ድንገተኛ ሕመም በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። አዲስ መርፌ የለ፣ ውድ ማሽን የለ። የሚያስተምሩትም የአካባቢው ሰዎች ነበሩ።

አባባ እንዴት እንደሚታጠቡ ልንገራችሁ። ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ቢጫ ጀሪካናቸውን መጀመሪያ ለእግራቸው ይሞሉታል፣ ከዚያ ለሻይ። ማታ አንዱ ጥበቃ ሲተካቸው ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ላይ ይቀመጣሉ። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ትኩስ አይወዱም፣ ደግ አደረጉ። ጥቂት ደቂቃ ይዘፈዝፉታል። ከዚያ የገላ ሳሙና። ከጉልበት ይጀምሩና ወደ ታች ይወርዳሉ። የቆዳው እጥፋት ውስጥ በጣታቸው ጫፍ ይገባሉ፣ በጣት መካከል በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ። መጀመሪያ የወጣው ውሃ ሻይ ይመስላል። ይደፉትና ይደግሙታል፣ ጥርት ብሎ እስኪወጣ። ከዚያ ማድረቅ ነው፤ መፈተግ የለም፣ ጫን ጫን እያደረጉ። በጣቶቻቸው መካከል ያለውን ለማድረቅ ብቻ አሥር ደቂቃ ይፈጃሉ። ቸኩለው አያውቁም። የፈንገስ ቅባት ካስፈለገ እሱን፣ ካላስፈለገ ቫዝሊን። መጨረሻ ላይ እግራቸውን ሁለት ብሎኬት ላይ በተጣለ ጆንያ ላይ ሰቅለው ሬዲዮ ይከፍታሉ።

በረኪና ጠብ የሚያደርጉበትም አሉ፤ ቆዳ ላይ ያለውን ጀርም ይቀንሳል። መጠኑን ግን የጤና ባለሙያ ይንገራችሁ። በግምት የተጨመረ በረኪና ቆዳ ያቃጥላል።

አንድ ቀን «አባባ፣ ምኑ ነው የተሻለዎት?» አልኳቸው። እብጠቱ ጎድሏል የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። «ሽታው» አሉኝ። «ከሰው የለየኝ ሽታው ነበር ልጄ። ታክሲ ውስጥ ሰው መስኮት ሲከፍት እኔ ነኝ እያልኩ እወርድ ነበር።» ያ ሽታ በእጥፋቱ ውስጥ ከሚራቡ ጀርሞች ነው። ታጥቦ ሲደርቅ ይጠፋል። ጸሐፊው ውሃ አይንካው ሲሉ ይህን ሰው ከታክሲ መልሰው እያወረዱት መሆኑን አላሰቡትም።

ጠበልስ የሚለኝ ይኖራል። እኔም እጠመቃለሁ። ከጠበሉ ስትመለሱ እግሩን አድርቁት፣ ይኸው ነው። አባባ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ካልሲያቸውን ግን አያወልቁም።

ወደ ርእሴ ልመለስ። «ያበጠ እጅና እግር ይረፍ፤ ሥራ አይሥራበት» የሚለው አራተኛው ነጥብ ነው። ግማሹ ልክ ነው። ማታ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት ይጠቅማል። ሙሉ ቀን ቆሞ መዋል ወይም እግር አንጠልጥሎ መቀመጥ ይጎዳል። ግን ፈጽሞ ይረፍ? እኔ ሁለት ዓመት አሳረፍኩት። ሊጥ አላቦካሁም፣ ዘንቢል አልያዝኩም፣ የልጅ ልጄን በቀኝ እጄ ብቻ ነበር የማቅፈው። እጄ እያደር ከበደ፣ ትከሻዬ ደረቀ፣ እኔም ወፈርኩ፤ ውፍረት ደግሞ ለዚህ እብጠት ጠላት ነው። ሊምፍ እንደ ደም በልብ አይገፋም። ቱቦው ራሱ ይኮማተራል፤ በዙሪያው ያለው ጡንቻ ሲንቀሳቀስም ይጨመቅና ወደ ላይ ይሄዳል። ጡንቻው ተኛ ማለት አጋዡ ተኛ ማለት ነው።

ከጡት ካንሰር በኋላ እጃቸው ያበጠ ሴቶች ቀስ በቀስ ክብደት እንዲያነሱ የተደረገበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቷል። እብጠታቸው አልጨመረም፤ ይልቁንም እብጠቱ የሚባባስበት ጊዜ ቀነሰላቸው። ይህን ያነበበች አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ናት ያስጀመረችኝ። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጀመርኩ። ከዚያ ባለ አንድ ሊትሩ። ዛሬ ሊጤን ራሴ ነው የማቦካው፤ ስሊቬን፣ ማለትም እጄን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘውን እጅጌ አጥልቄ፣ ከላዩ ረጅም ጓንት አድርጌ። ሲደክመኝ አቆማለሁ። በማግስቱ ከከበደኝ የትናንቱ በዝቷል ማለት ነው፣ እቀንሳለሁ። አባባም በር ላይ ተቀምጠው ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፤ መኪናውን የሚረግጥ ልብስ ሰፊ ነው የሚመስሉት። የሰፈር ልጆች ያስመስሏቸዋል።

በዚያው አንቀጽ «በቅቤ በኃይል ይታሽ» የሚል አለ። በኃይል አይታሽም። የሊምፍ ማሸት የተኛ ሕፃን ራስ እንደ መዳበስ ያለ ነው፤ ቆዳውን ብቻ ነው የሚያንሸራትተው። መጀመሪያም የሚጀመረው ካበጠው ቦታ ሳይሆን ጤነኛ ከሆነው በኩል ነው፣ መንገድ ለመክፈት። ከሚያውቅ ሰው ተማሩት።

አሁን ደግሞ ደሜን ያፈላው። «ዝሆኔ የትንኝ በሽታ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም ይጋባል» ተብሎ ተጽፏል። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ምክንያት ያን እሁድ ማታ አንዳንድ የብሎካችን ሰዎች ጥበቃ ስለመቀየር ሲያወሩ ሰማሁ። ቡና ሲጠራሩ አባባን ዘለሏቸው። ስም አልጠራም፤ ያነበበ ራሱን ያውቃል።

በትንኝ የሚመጣ ዝሆኔ አለ፣ አልክድም። ትንኟ የምታስተላልፈው ቀጭን ትል ነው፣ የሊምፍ ቱቦ ውስጥ የሚኖር። እሱ ያለው እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላ ቦታዎች ነው። የደጋውና የወይና ደጋው ዝሆኔ ግን ሌላ ነው፤ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ትንኝም ትልም የለበትም። መነሻው አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር፣ ዝናብ የሚበዛበት ከፍታ፣ ባዶ እግር። በአፈሩ ያለው ደቃቅ ማዕድን በእግር ቆዳ ይገባና የሊምፍ ቱቦውን እያስቆጣ ይዘጋዋል። ይህን ከአፈሩ ጋር አያይዞ ያጠናውና ስሙን ያወጣለት ኤርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ብዙውን ሥራውን የሠራው እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለበት ይገመታል። ወላይታ፣ ጎጃም፣ ወለጋ፣ ብዙ ቦታ። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ምልክትም አለ። የአፈሩ ከእግር ጣትና ከመርገጫው ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብዙውን ጊዜ ጉልበት ሳያልፍ ይቀራል፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል። የትሉ ከላይ ሊጀምር ይችላል፣ ብሽሽትና ቆለጥንም ይነካል።

ታዲያ ለምን በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ይይዛል? ተጋብቶ አይደለም። በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር የሚውለው ያው ቤተሰብ ነው፤ ለአፈሩ የሚሸነፍ ተፈጥሮም በዘር ይወረሳል። አብሮ የሚያርሰው ጎረቤት ምንም ላይሆን ይችላል። እርግማን አይደለም፣ የሞተ እባብ መርገጥም አይደለም። አባባ ዓመታቸውን ሲቆጥሩ «ከስድስት ዓመቴ እረኛ፣ ከአሥራ ሁለት ዓመቴ አራሽ፤ ጫማ ያደረግኩት አዲስ አበባ ስገባ» ይላሉ። በሽታውን ከእኛ ጥቁር መረሬ አላገኙትም፤ ይዘውት መጡ። ለማንም አያስተላልፉም። ሲኒያቸው ሲኒ ነው። ልጅ ከጅምሩ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ደግሞ በሽታው ጭራሽ አይጀምርም።

ስለ ፋሻ «ደም ያግዳል፣ አይጠቀሙ» ብለዋል። እዚህ ጸሐፊውን ሙሉ በሙሉ አልቃወማቸውም፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ አጥፍቻለሁ። ከመድኃኒት ቤት የሚለጠጥ ፋሻ ገዝቼ ክርኔ ላይ ጥብቅ፣ መዳፌ ላይ ላላ አድርጌ ጠምጥሜ ተኛሁ። ጠዋት መዳፌ ድፎ ዳቦ አህሎ አገኘሁት። ጣቶቼ የተነፋ ጓንት መስለዋል። ጥፋቱ ግን የፋሻው ሳይሆን የጠመጠመችው ነበር። ትክክለኛው ግልባጩ ነው፤ ከጣት ተጀምሮ፣ ታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያለ፣ ያውም ብዙ በማይለጠጥ ፋሻ። እብጠቱ ሲጎድል በልክ የተሠራ ስሊቭ ወይም ስቶኪንግ ይተካዋል። ጣት ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ካመመ ወዲያው ይፈታ። የእግር ደም ሥር የጠበበበት፣ ስኳር ያለበት ወይም ልቡ የደከመ ሰው ሐኪም ሳያየው አይጠምጥም። ይህን ቢጽፉ ኖሮ አመሰግናቸው ነበር።

የወረቀቱ መጨረሻ አንድ ዱቄት «በ21 ቀን ፍጹም ያድናል» ይላል፤ ስልክ ቁጥርም አለው። አሃ፣ ለካ ነገሩ ወዲህ ነው! ይህን እብጠት አንድ ጊዜ ዋጥ ተደርጎ ጨርሶ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። በጊዜ ከተያዘ ብዙ ይጎድላል። የሊምፍ ቱቦን ከደም ሥር የሚያገናኝ ቀዶ ጥገናም በዓለም ላይ አለ፤ እግር ላይ የወጣ እባጭም ይቆረጣል። ከዚያ በኋላም ግን ማጠቡና ማሰሩ፣ ጫማውም ይቀጥላል። ቁርጥ ያለ መፍትሔ የተባለለት ሰው በሃያ ሁለተኛው ቀን ሳፋውንም ይተዋል። የምፈራው እሱን ነው።

አባባ ድሮ በወር በወር ይወድቁ ነበር። የመጨረሻው ትኩሳታቸው ከመስቀል በፊት ነው። አሁን የቸገራቸው ጫማ ብቻ ነው። ያላቸው ጎኑ ተቀዶ በጎማ የተሰፋ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃ ያስገባል። ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው መንገድ፣ ወይም መርካቶም ቢሆን፣ በልክ የሚሠራ ጫማ ሰፊ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ቁጥራቸው 41 ነው። ወርዱን ግን መጥቶ መለካት ይኖርበታል።